ለካፊው የሚያየው ቀሚሷን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ከረመ። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ ላከችልኝ፤ እሱን ሳልከፍተው አክስቴም ላከችልኝ። «መጀመሪያ አለባበስሽን አስተካክይ» ይላል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። መንገድ ላይ የምትለከፍ ሴት ለከፋውን የምትጠራው በልብሷ ነው። ወንድና ሴት እሳትና ጭድ ናቸው፤ ወንድ ያየው ነገር ይፈትነዋል። አጭር ቀሚስና የተጣበቀ ሱሪ ባህላችን አይደለም። ለከፋ የሚባለውም ቢሆን አድናቆት ነው፤ ሴቶቹ አጋነኑት። ደግሞስ ለመታየት ካልሆነ ለምን ይለብሱታል? በመጨረሻም ይህን ሁሉ የጻፉት ለእህቶቻቸው ደህንነት ተጨንቀው እንደሆነ ይነግሩናል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስድብ የለበትም። ጸሐፊው አምነውበት እንደጻፉት ያስታውቃል። እኔም ከልቤ እመልስላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ በቀን አራት ታክሲ የምይዝ፣ ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ይህን ነገር በየመንገዱ የምሰማ ሴት ነኝ።

«ልብሷ ነው የሚጠራው» ከሚለው ልጀምር።

አምና የጓደኛዬ እናት አርፈው ለቅሶ ቤት ሰንብቼ ስመለስ ነበር። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የሚወርድ ጥቁር ቀሚስ ለብሻለሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄዋለሁ። ዓይኔ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። ሜክሲኮ ጋ ወደ ታክሲ ሰልፉ ስሻገር አንዱ ከኋላዬ መጣና ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ጥቁር እንዴት ያምርብሻል!» አለኝ። ዞር ብዬ አየሁት። እሱም ነጠላዬን አየው። የኀዘን ነጠላ ምን እንደሚመስል እዚህ አገር የማያውቅ አዋቂ ሰው የለም። «ነይ እኔ ላጽናናሽ» አለና ሳቀ። አጠገቡ የቆሙት ጓደኞቹም ሳቁ። ክንዴን አስለቅቄ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ እንደ አዲስ አለቀስኩ፤ ያኛው ለቅሶ ግን ለጓደኛዬ እናት አልነበረም።

ከዚህ በላይ ምን ልልበስ? ጸሐፊው ለዚህ መልስ ካላቸው መስማት እፈልጋለሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን አምስት ሆነን ስንጫወት «መጀመሪያ የተለከፍሽው መቼ ነው?» ተባባልን። አራታችን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሰን ነበር። ያ ሰፊና እስከ ጉልበት በታች የሚወርድ፣ እናቶቻችን «ታድጊበታለሽ» ብለው አስፍተው ያሰፉት ዩኒፎርም። አንዷ 11 ዓመቷ ነበር። ሰውየው የአባቷ እኩያ እንደነበረ እስከ ዛሬ ታስታውሳለች። ቤት ስትገባ ለማንም አልተናገረችም። እሷ ያጠፋች መስሏት ነበር።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባን ያስለቀሰውን ነገር ብዙዎቻችሁ አትረሱትም። የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ታክሲ መስሏት ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ውስጥ የነበሩት ወንዶች ለቀናት አግተው ደፈሯት። ጥቅምት ውስጥ ሆስፒታል ሞተች። ያኔም «ምን ለብሳ ነበር?» የሚል ሰው አልጠፋም። ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ነበር።

ትንሽ ራቅ ብለን ግብፅን እንይ። አብዛኛዋ ሴት ሂጃብ የምትለብስበት አገር ነው፤ ኒቃብ የሚለብሱትም ጥቂት አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 99.3 በመቶዎቹ አንድ ዓይነት ወሲባዊ ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። መሸፈን የሚያድን ቢሆን ኖሮ ካይሮ ላይ ይታይ ነበር። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ እህቶቻችንንም ጠይቋቸው። ዓባያ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ በር ተዘግቶባቸው ነው የደረሰባቸውን የሚነግሯችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባቸው ልምጣ። «ወንድና ሴት እሳትና ጭድ ናቸው።»

ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ሲነገር እንደ ተፈጥሮ ሕግ ነው። እሳቱ አያስብም፤ ጭዱ ካልራቀ ይነዳል። እኔ ግን በሰፈሬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ሰባት ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። መሃሉ ላይ አንድ ፑል ቤት አለ። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ማታ ማታ አምስት ስድስት ጎረምሶች ይቀመጡበታል። በየቀኑ አንድ ነገር ሳይሉኝ አላልፍም። «ቀዮ»፣ «እናትዬ»፣ «ኧረ አንዴ ዙሪ»፣ «ልሸኝሽ?»። ይኸው ነው ዕለታዊ ስንቄ።

አንድ ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ቢጫ ቀሚስ ለብሻለሁ። ከጉልበት በላይ ነው፤ እጅጌም የለውም። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ረዥም ነው፤ ሸንቃጣ ነው፤ ሰው ተጣልቶ አያውቅም። ፑል ቤቱ ጋ ስንደርስ ሆዴ እንደ ልማዱ ጨበጥ አለ። ልጆቹ ቀና አሉ። አንዱ ወንድሜን «ሰላም ነው ብሮ» አለው። ወንድሜም «ሰላም» አለ። አለቀ። እኔን ያየኝም የለም። አንዱ እንዲያውም እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀልኝ።

በነጋታው እሁድ ወተት ልገዛ ብቻዬን ወጣሁ። ሰፊ ቱታ ሱሪ፣ የወንድሜን ጃኬት፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ። ሩቅ ሳለሁ ጀመሩ። ልክ አጠገባቸው ስደርስ አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዛሬ ጋርዱ የለም እንዴ?»

ያችን ቃል ይዤ ስንት ቀን ከረምኩ። ሰውየው ራሱ ነገሩን ገልጦ ነገረኝ። ትናንት ቢጫውን ቀሚስ አይቷል። ትከሻዬን አይቷል። እሳት ቢሆን ኖሮ ያኔ ነበር መንደድ የነበረበት። እሳት ጭዱ አጠገብ ወንድም አለ የለም ብሎ አይጠይቅም። ይህ ሰው ግን ጠየቀ። ያየው የቀሚሴን ርዝመት ሳይሆን አጠገቤ ማን እንደቆመ ነው። ማን ይመልስልኛል? ማን ይቀየመዋል? ማንም ከሌለ ይናገራል። አንድ ሰው ካለ ዝም ይላል።

ይህን ካየሁ ወዲህ ሁሉንም ቦታ ላይ ማስተዋል ጀመርኩ። የታክሲ ረዳቱ የፈለገውን የሚናገረው ብቻዋን ለተቀመጠችው ልጅ ነው። ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋን የሚያስቸግር ሰው የአለቃውን ሚስት «እትዬ» ብሎ ወንበር ይስብላታል። አዲስ የተቀጠረችው የጽዳት ሠራተኛ ከሁላችንም በላይ የተሸፈነች ናት፤ ከሁላችንም በላይ የምትሰቃየው እሷ ናት። ሽርጥ፣ ሻሽ፣ ረዥም ቀሚስ። የሌላት ነገር ቢኖር የሚቆጣላት ሰው ነው።

በዚያው መንገድ በየቀኑ ስንት ወንድ ያልፈኛል! የሚለክፈኝ ጥቂቱ ነው። ሌላው ያንኑ እኔን፣ ያንኑ ልብስ አይቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ተፈጥሮ ከሆነ የእነዚህ ሁሉ ወንዶች ተፈጥሮ ወዴት ሄደ? አባቴም ወንድ ነበር። 40 ዓመት ሙሉ መምህር ሆኖ ሲሠራ ወላጅ በልጁ ጉዳይ ከስሶት አያውቅም። ጸሐፊው ለወንዶች የተከራከሩ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን አባቴን ጨምረው የሰደቡብኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ጥቃቱም ቢሆን የመንገድ ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እንዳገኘው ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ቤቷ ውስጥ ምጣድ አጠገብ መቀነቷን ታጥቃ ያለች ሴት በምን ቀሚስ ጠራችው ልንል ነው?

«ባህላችን አይደለም» የሚለው ደግሞ አዲስ ክርክር አይደለም። ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። የሚኒ ስከርት ዘመን ነው። ተማሪዎች ትርኢቱን የባዕድ ባህል ነው ብለው ለተቃውሞ ወጡ። ለማየት የመጡትን ሴቶች ሰደቧቸው፤ እንቁላል ወረወሩባቸው። ፖሊስ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ልብ በሉ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የዚያው ግቢ ተማሪ ነው። ለገበሬው መብት ደረቱን የሰጠ ወጣት የክፍል ጓደኛው ላይ እንቁላል ወረወረ። ይህ ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል። የአገርን ሸክም ሁሉ የሴት ጉልበት ላይ መጫን ምን ያህል እንደሚቀል ያሳያል።

ባህል ስንልስ የማንን ነው? ደቡብ ኦሞ ውስጥ ሴቶች ከወገብ በላይ ሳይሸፈኑ ገበያ ወጥተው የሚመለሱባቸው ማኅበረሰቦች አሉ። እነሱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። እዚያ ራቁት የተባለች ሴት የለችም፤ ለብሳለች፣ እንደ ወጓ ለብሳለች። ጉልበት ወይም ደረት በራሱ ትርጉም የለውም። ትርጉም የምንሰጠው እኛ ነን።

የቀሚሱ ርዝመት አያድንም ስል ደግሞ ጠለፋን አስባለሁ። ጠለፋም ባህል ሲባል ኖሯል። የሚጠለፉት የገጠር ልጆች ሚኒ ስከርት አልለበሱም። ውሃ ቀድተው ሲመለሱ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ረዥም ቀሚሳቸውን ለብሰው ነው የተወሰዱት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱን ያስቀርለት ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ከዚያ በፊት እንግዲህ ሕጉ ራሱ ከልጅቷ ይልቅ ለጠላፊው የሚያስብ ነበር።

ናይሮቢ ላይ በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ሴቶች አደባባይ ወጥተው ነበር። ምክንያቱ አንዲት ሴት አጭር ቀሚስ ለብሳለች ተብላ የአውቶብስ መቆሚያ ላይ በወንዶች ተከብባ ልብሷ በመገፈፉ ነው። ተመልከቱ፤ ራቁቷን ሄደች ብለው የተቆጡ ሰዎች ራሳቸው ራቁቷን አስቀሯት። ጉዳዩ መሸፈን ቢሆን ኖሮ አንዱ ኮቱን አውልቆ ያለብሳት ነበር።

«አድናቆት ነው» ለሚሉት አጭር መልስ አለኝ። አድናቂ ሰው መልስ ሲያጣ አይሳደብም። እኔ የማውቀው ለከፋ «የኔ ቆንጆ» ብሎ ይጀምርና ዝም ብዬ ካለፍኩ አሥር እርምጃ ሳልሄድ «ደግሞ ለዚህ መልክሽ!» ይሆናል። አንዳንዴ ድንጋይም ይከተለዋል። መልክ አልተለወጠም፤ አሥር እርምጃ ነው የሄድኩት። የተለወጠው እንደፈለገው አለመሆኔ ነው።

«ቃል ምን ያደርጋል?» ብለዋል ጸሐፊው። የሚያደርገውን ልንገራቸው። ጓደኛዬ የማታ ትምህርቷን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋረጠች። ክፍል የሚያልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከበሩ እስከ ታክሲ ያለውን መንገድ መቻል አቃታት። እኔ ራሴ ፑል ቤቱን ላለማለፍ ብዙ ጊዜ ዞሬ ነው የምሄደው። ዝናብ ከሆነ ጭቃ ነው፤ እያወቅኩ ጭቃውን እመርጣለሁ። ጆሮዬ ላይ ኤርፎን እሰካለሁ፤ ሙዚቃ ግን አልከፍትም፤ ከኋላዬ የሚመጣውን ኮቴ መስማት አለብኝ። ሲመሽ ያለኝን ሳንቲም ቆጥሬ ራይድ እጠራለሁ። ወንድሜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በታክሲ ይመጣል። ይህ ገንዘብ ነው፤ ትምህርት ነው፤ ዕድሜ ነው።

ሕጉም ቢሆን ቃልን አይንቅም። በሥራ ቦታ ያለውን ለምሳሌ እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ ለማግባባት በንግግርም፣ በምልክትም፣ በሌላ መንገድም የሚደረገውን ያካትታል። ንግግር ብቻውን ይበቃል። የለበሰችው ነገር ትርጉሙ ውስጥ የለም።

«ለመታየት ነው የሚለብሱት» የሚለው ብዙ አያከራክረንም። አዎ፣ አምሬ መታየት እወዳለሁ። ወንድሜም ፀጉሩን በየሳምንቱ ይስተካከላል፤ ጫማውን ያስወለውላል። አንድም ሰው መንገድ ላይ ጎትቶት አያውቅም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ከባዱ ነው። «ለደህንነታቸው ብዬ ነው የምመክረው» ይላሉ። ይህን በቀላሉ አልጥለውም። እኔም የእህቴን ልጅ «ሲመሽ ብቻሽን አትምጪ» እላታለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ሻርፕ አለ፤ አንዳንድ ሰፈር ስደርስ አወጣዋለሁ። እናቴም «ልጄ ደርበሽ ውጪ» የምትለኝ ስለምትወደኝ ነው። ከተማውን ስለምናውቀው እንጠነቀቃለን።

ግን እናቴ «ደርበሽ ውጪ» ብላኝ ስመለስ እያለቀስኩ ብገባ «እኔ ነግሬሽ አልነበር?» አትለኝም። ታቅፈኛለች። ሰውየውን ትረግማለች። ምክርና ፍርድ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ግን 2 ገጽ ሙሉ ሲጽፉ ለለካፊው አንድ መስመር አልሰጡትም። አንድም ቦታ «አንተም ተው» አላሉትም። ሁሉንም ያሉት ለእኛ ነው።

ሌባን እንውሰድ። መርካቶ ስትሄጂ ስልክሽን አታውጪ ይሉናል፤ እውነት ነው፣ አናወጣም። ግን አንዷ አውጥታ ቢነጥቃትና «ሌባ!» ብላ ብትጮህ ምን ይሆናል? መንገዱ ሁሉ ይነሳል። ሊስትሮው ሳጥኑን ጥሎ ይሮጣል፤ ተራ አስከባሪው ይሮጣል። «ለምን አወጣሽው?» የሚላት ቢኖርም ሌባው ከተያዘ በኋላ ነው። እኔ አውቶብስ ውስጥ አንድ ሰው ሰውነቴን ሲነካኝ ምን ብዬ ልጩህ? ሰው የሚነሳበት ቃል የለንም። ብንጮህም ዓይኖች መጀመሪያ የሚዞሩት ወደ ቀሚሳችን ነው። ጸሐፊው የጻፉት ዓይነት ጽሑፍ ደግሞ ያንን ዓይን ያለማምደዋል።

አንድ ያየሁትን ነግሬ ላብቃ። ባለፈው ክረምት ከሥራ ስመለስ አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊቴ 19 ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ቆማለች። የዝናብ ልብሷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ከኋላዋ አንድ ሙሉ ሰው ተጠግቷታል። ፈቀቅ ስትል ፈቀቅ ይላል። ቦርሳዋን ወደ ኋላ አዞረችው፤ ቦርሳውን ገፋ አደረገው። አይቻለሁ። ሁለት ፌርማታ ሙሉ አይቼ ዝም አልኩ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ ደግሞም ፈራሁ።

መስኮቱ ጋ ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንተ! ከልጅቷ ላይ ተነስ!» አሉ። አውቶብሱ ፀጥ አለ። ሰውየው «እማማ፣ ተጨናንቆ እኮ ነው» አለ። «ሁላችንም ተጨናንቀናል፤ ሰው ላይ የተለጠፍክ አንተ ብቻ ነህ» አሉት። ትኬት ቆራጩ ዞረ። በሩ ጋ የቆመ አንድ ጎልማሳ «ወንድሜ፣ ብትወርድ ይሻላል» አለው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ።

እማማ ልጅቷን በእጃቸው ጠሯት። ወደሳቸው ተጠግታ የወንበራቸውን ጀርባ ይዛ ቆመች። ሌላ ሰው ተሳፈረ፤ አውቶብሱ እንደ መጀመሪያው ሞላ። በእሷ ዙሪያ ግን ቦታ ተገኘ።